ዜማው በማን ድምፅ ላይ ተቀመጠ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መዝሙር፣ መዘምራንና ኦርጋን

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጥያቄ አንድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ብንገልጥ፣ ዋናውን ዜማ በየትኛው ድምፅ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን? ዛሬ ባለ አራት ድምፅ መዝሙር የሚያጠና ሰው ሁሉ ዜማው ያለ ጥርጥር የሶፕራኖዎች፣ ማለትም የከፍተኛው ድምፅ ዘማሪዎች፣ ነው ብሎ ይመልሳል። በዚያ ዘመን ግን መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር፤ በገጠር አጥቢያ ዜማው በቴነር፣ ማለትም ከፍ ባለው የወንዶች ድምፅ፣ ላይ ነበር፣ በለንደን የበጎ አድራጎት ቤቶች ጸሎት ቤት በሕፃናትና በሴቶች ድምፅ ላይ ነበር፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ዜማውን የያዘው በመጀመሪያ ኦርጋን ነበር። ይህ ልዩነት የሙዚቃ ባለሙያዎች ብቻ የሚጨነቁበት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ዜማው የተቀመጠበት ድምፅ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙሩ የማን እንደሆነ ይናገራልና፣ የዛሬውን ንግግሬን በሙሉ በዚህ ክር ላይ እሰካዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ቃል ላጥራ። በእኛ አገር ለብዙ ጊዜ ኦርጋን ስንል የኖርነው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ዛሬ ኪቦርድ የምንለውን መሣሪያ ነው። እዚህ የምናገርለት ግን በወናፍ በተገፋ ነፋስ የሚጮኹ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብረትና የእንጨት ቧንቧዎች ያሉት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር የሚተከል ትልቅ መሣሪያ ነው። በዚያ ዘመን ወናፉን የሚያናፋው ሰው ነበር፤ ስለዚህ ኦርጋን የሚጫወተው ሰው ያለ አናፊው አንዲት ድምፅ እንኳ ማውጣት አይችልም ነበር።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች የወረሱትን ሳናውቅ የሠሩትን ልንመዝን አንችልም። ከእነርሱ በፊት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ የሚዘምረው በመሠረቱ መዝሙረ ዳዊትን ነበር፤ እርሱም በ1562 በሙሉ ታትሞ በወጣው፣ የስተርንሆልድና የሆፕኪንስ በሚባለው የግጥም ትርጉም ነበር። በ1696 ቴትና ብሬዲ የተባሉ ሁለት ሰዎች አዲስ የግጥም ትርጉም ስላወጡ፣ የቀደመው «አሮጌው ትርጉም»፣ የኋለኛው «አዲሱ ትርጉም» እየተባሉ ጎን ለጎን ኖሩ። ሁለቱም በአብዛኛው የተጻፉት በአንድ ምጣኔ ነው፤ አንዱ ስንኝ 8 ቀለም፣ ቀጣዩ 6፣ ከዚያ እንደገና 8 እና 6። የአማርኛን ግጥም የምታውቁ፣ ስድስት ስድስት ቀለም የሚከፈለውንና ሰው ሁሉ የሚገጥምበትን ምጣኔ «የወል ቤት» እንደምንለው ታስታውሳላችሁ። እንግሊዞችም ያንን 8 እና 6 የሚፈራረቅበትን ምጣኔ የሚጠሩት ፍቺው «የወል ምጣኔ» በሆነ ስም ነው። ምጣኔው የወል በመሆኑም በዚያው ልክ የተገጠመ ማንኛውም መዝሙር፣ በዚያው ልክ በተሠራ ማንኛውም ዜማ ሊዘመር ይችላል። ግጥምና ዜማ እንደ ባልና ሚስት ሳይሆን እንደ መንገደኛና እንደ ማደሪያ ነበሩ፤ ኋላ የማነሣቸው አንዳንድ ታላላቅ ዜማዎች ዛሬ ከምናውቃቸው ቃላት ጋር የተገናኙት ከተወለዱ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የአዘማመሩ ሁኔታ ግን አሳዛኝ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በ1644፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ኦርጋኖች ከአብያተ ክርስቲያናት እንዲነሡ አዘዘ። በጦርነቱ ምክንያት የተቋረጠው የንጉሥ አገዛዝ በ1660 ከተመለሰ በኋላ ኦርጋን ወደ ካቴድራሎችና ወደ ሀብታም የከተማ አጥቢያዎች ቢመለስም፣ አብዛኛው የገጠር ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሙሉ ያለ ኦርጋን ኖረ። ብዙ ሰው ማንበብ ስለማይችል አንድ የአጥቢያ አገልጋይ ስንኙን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሕዝቡም ተቀብሎ ይዘምራል፣ ከዚያ ቀጣዩ ስንኝ ይነበባል። መሪና ተቀባይ መሆኑ በራሱ ምንም ነውር የለበትም፤ እኛም በዚህ መንገድ ያደግን ሰዎች ነን። ችግሩ የሚመራው ሰው ብዙ ጊዜ የዜማ ዕውቀት ያልነበረው መሆኑ ነው። ዜማው ከትውልድ ትውልድ እየተጎተተ ሄዶ አንዷ ኖታ አንድ ሙሉ ትንፋሽ እስክትወስድ ድረስ ዘገየ፣ እያንዳንዱም ዘማሪ በዚያ ርዝመት ውስጥ የራሱን ጌጥ ይጨምር ነበር። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበሩት የነጻ ጉባኤዎች አገልጋይ የነበረው አይዛክ ዋትስ በ1707 ባሳተመው የመዝሙር መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ መዝሙሩ በከንፈራቸው ላይ ሳለ የሰዎቹ ፊት ላይ የሚታየውን ግዴለሽነትና ድንዛዜ በኀዘን ይገልጻል።

የዋትስ መድኃኒት በቃሉ በኩል ነበር። በ1719 ያወጣው መጽሐፍ ዳዊትን እንዳለ ከመተርጎም ይልቅ፣ ዳዊት ክርስቲያን ሆኖ በእንግሊዝ አገር ቢኖር ኖሮ እንዴት ይናገር ነበር ብሎ የተገጠመ ነው። ከዚያ ውስጥ በመዝሙር 90 ላይ የተመሠረተው፣ ያለፉትን ዘመናት ረድኤት የሚያነሣው መዝሙር ከሁሉ ይልቅ ይታወቃል። ዛሬ ይህ ግጥም የሚዘመርበት ዜማ ግን ከእርሱ 11 ዓመት ቀድሞ በ1708 የደራሲው ስም ሳይጠቀስ ለሌላ መዝሙር የታተመ ነው፤ የዊልያም ክሮፍት ሥራ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ክሮፍት በለንደን ሶሆ በሚገኘው የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ በዚያው በ1708 የዌስትሚንስተር አቤይ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። ዜማውም «ቅድስት ሐና» ተብሎ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይጠራል።

በዚህ ዜማ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እለምናችኋለሁ። የሚጀምረው በድምፅ መሰላሉ አምስተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ይወርዳል፣ ወደ ስድስተኛው ይዘላል፣ ወደ አምስተኛው ይመለሳል፣ ከዚያም በአንድ እርምጃ ወደ ላይኛው ስምንተኛ ወጥቶ ይረግጣል። ስምንት ቀለም፣ ስምንት ኖታ። አንድም ጌጥ የለበትም፣ አንድም ኖታ አይተርፍም። ይህን ያህል ጠንካራ ነገር በስምንት ኖታ ውስጥ ማስቀመጥ ከትልቅ ድርሰት ይልቅ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1739 ያሳተመው አንድ የኦርጋን ፉግ፣ ማለትም አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች ተከታትሎ የሚገባበት ድርሰት፣ በዚሁ አካሄድ ስለሚጀምር እንግሊዞች ፉጉን ራሱን «ቅድስት ሐና» ይሉታል፤ ባኽ የክሮፍትን ዜማ ያውቅ ነበር የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። ዜማውና የዋትስ ግጥም ጸንተው የተጋቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ገጠሩ እንሂድ። ከክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ አንሥቶ በየአጥቢያው መዝሙርን ለማሻሻል የተነሡ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ገበሬዎችና የእጅ ሙያተኞች፣ ከተዘዋዋሪ የዜማ አስተማሪዎች ኖታ ተምረው የመዘምራን ቡድን ያቋቁሙ ጀመር። በቤተ ክርስቲያኑ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከመግቢያው በላይ፣ የእንጨት ሰገነት ተሠራላቸው። ኦርጋን ስለሌለ ባስ የሚባለውን ዝቅተኛውን የወንዶች ድምፅ የሚደግፍ ቼሎ የሚባለው ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ወይም «ባሱን» የሚባለው የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ ይጨመራል፤ እየቆየ ሌሎች መሣሪያዎችም ገቡ። መዝሙሩ ሲጀመር ሕዝቡ ጀርባውን ለመሠዊያው ሰጥቶ ወደ ሰገነቱ ይዞር ነበር።

በእነዚህ ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ ዜማው በቴነር ላይ ነው። ዘማሪዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ነበሩና ዜማው በመካከላቸው ተቀመጠ፤ በላዩ ላይ የሚዘመረው ከፍ ያለ ድምፅ እንደ ጥላ የሚያጅብ እንጂ የሚመራ አልነበረም። ከእነዚህ ደራስያን አንዱ የሆነው ዊልያም ናፕ በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፑል ከተማ የአጥቢያ አገልጋይ ነበር። በ1738 ያሳተመውና በአቅራቢያው ባለችው በዌርሃም ከተማ ስም የጠራው ዜማ ከሞላ ጎደል በሙሉ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ በሦስት ምት የሚወዛወዝ ነው። ዝላይ ስለሌለበት ያልተማረ ሰው ገና በሁለተኛው አንቀጽ ይይዘዋል። ናፕ የሚያውቀው ጉባኤ እነማን እንደነበሩ ከዚህ ዜማ ይገባኛል።

የሰገነቱ መዘምራን እየበረቱ ሲሄዱ ግን ፍላጎታቸውም አደገ። ድምፆቹ አንድ በአንድ ተከታትለው የሚገቡበት ቅንብር በጣም ተወደደ፤ ባሱ ስንኙን ይጀምራል፣ ቴነሩ ያንኑ ቃል ይዞ ይከተላል፣ ሌሎቹም ይጨመራሉ፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ላይ ይገናኛሉ። ለዘማሪው ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ እኔም በመዘምራን መካከል ቆሜ ስለዘመርሁት አውቀዋለሁ። ለተቀመጠው ምእመን ግን አራት የተለያዩ ቃላት በአንድ ጊዜ ሲሰሙ መዝሙሩ ከእጁ ይወጣል። ካህናትም ይህን እያነሡ ያማርሩ ነበር፤ ሕዝቡን ለማስተማር የተሰበሰበው ቡድን ሕዝቡን ዝም አሰኘው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው ብዬ አስባለሁ፣ ሆኖም ልቤ የሚያደላው ለሰገነቱ ሰዎች ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርሱና ጫማ ሲሰፉ ውለው ማታ ባለ አራት ድምፅ ቅንብር የሚያጠኑ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን የነበራቸው ፍቅር ቀላል አልነበረም።

በለንደን ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በከተማው አጥቢያዎች ኦርጋን ነበር፣ ከኦርጋኑ አጠገብ የሚቀመጡ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት ሕፃናትም ነበሩ። ሕፃናቱ ዜማውን በከፍተኛው ድምፅ ይዘምራሉ፣ ኦርጋኑ ያጅባል፣ ሕዝቡም እነርሱን ይከተላል። በዚህ መንገድ ዜማው ከቴነር ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። የኦርጋን ተጫዋቹ በፊቱ የሚያየው ጽሑፍም እጅግ አጭር ነው፤ ከላይ ዜማው፣ ከታች ባሱ፣ በባሱ መስመር ላይ ደግሞ ቁጥሮች። ቁጥሮቹ መካከለኞቹ ድምፆች ምን መሆን እንዳለባቸው የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው፤ ተጫዋቹ እነርሱን እያየ መካከሉን በዚያው ቅጽበት በእጁ ይሞላዋል። ስለዚህ ዛሬ ያን ገጽ አይቶ «እንዴት ባዶ ነው!» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ገጹ ባዶ የሆነው ዕውቀቱ በተጫዋቹ ጣቶች ውስጥ ስለነበረ ነው።

መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቹ ዜማውን ብቻውን፣ አንዳንዴም በብዙ ጌጥ አስውቦ፣ ለጉባኤው ያሰማል። ሕዝቡ መዘመር ከጀመረ በኋላም በየስንኙ መካከል አጫጭር መሸጋገሪያዎችን ይጫወት ነበር። ዳንኤል ፐርሴል በ1718 ለኦርጋን ባሳተማቸው የዳዊት ዜማዎች ውስጥ እነዚህ መሸጋገሪያዎች በኖታ ተጽፈው ስለሚገኙ፣ ልማዱ እንዴት እንደነበረ በዓይናችን እናያለን። ለዛሬ ጆሮ ስንኝን በስንኝ መካከል መቁረጥ እንግዳ ነው። ነገር ግን ዝግ ብሎ ለሚዘምር ጉባኤ ያ ጊዜ መተንፈሻ ነበር፣ ማንበብ ለሚከብደውም ቀጣዩን ስንኝ መፈለጊያ ነበር።

የእንግሊዝ ኦርጋን ራሱ ከጀርመኑ የተለየ ነበር። ጀርመኖች በእግር የሚጫወቱት ሰፊ ፔዳል ሲኖራቸው፣ በዚያ ዘመን አብዛኛው የእንግሊዝ ኦርጋን ፔዳል አልነበረውም፤ በምትኩ የእጅ ቁልፎቹ ወደ ታች ረዝመው ስለሚሄዱ ግራ እጅ ጥልቅ የሆነውን ባስ ይደርስበታል። በ1712 ደግሞ አብርሃም ጆርዳንና ልጁ ለንደን ድልድይ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ማግነስ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ጥቂት ቧንቧዎችን በሣጥን ውስጥ አስገብተው ሣጥኑ እንደ መስኮት እንዲከፈትና እንዲዘጋ አደረጉ፤ ድምፁም ቀስ በቀስ እየጎላና እየቀነሰ ይሰማ ጀመር። እስከዚያ ድረስ ኦርጋን ድምፁን በድንገት ካልሆነ በቀር መለወጥ አይችልም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደሚዘምር ሰው መተንፈስን ተማረ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ጎልቶ የታየው በለንደን የበጎ አድራጎት ቤቶች ውስጥ ነው። ቶማስ ኮራም በ1739 በንጉሣዊ ቻርተር ያቋቋመው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ጸሎት ቤት ነበረው፤ የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ፍሬድሪክ ሄንደል በ1750 ለዚህ ጸሎት ቤት ኦርጋን ሰጠ፣ «መሲሕ» የተባለውን ኦራቶርዮውንም (ለዘማሪዎችና ለመሣሪያዎች የተደረሰ ትልቅ መንፈሳዊ ድርሰት) ለማሳደጊያው ገቢ እንዲሆን በዚያው አሰማ። ሕፃናቱ በእሑድ አገልግሎት ይዘምራሉ፣ የከተማው ባለጸጎችም ሊሰሙ ይመጣሉ፣ ገንዘብም ይሰጣሉ። ይህ ለልብ የሚመች ነገር አይደለም፤ ወላጅ የሌለው ሕፃን ድምፅ ለመዋጮ መሰብሰቢያ ሆኖ ነበርና። ግን ደግሞ በዚያው ድምፅ ምክንያት በምግብና በልብስ ያደጉ ልጆች ነበሩ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዘን ማየት አለብን።

ሎክ ሆስፒታል ሌላው ነው፤ በአባለዘር በሽታ የተያዙ ድሆች የሚታከሙበት ቤት ነበር። የጸሎት ቤቱ ካህን ማርቲን ማዳን ቀድሞ የሕግ ባለሙያ የነበረና የሜቶዲስቶች የተባለውን የመንፈሳዊ መነቃቃት እንቅስቃሴ የመራውን የጆን ዌስሊን ስብከት ሰምቶ የተለወጠ ሰው ነው። በ1769 የታተመው የእርሱ ስብስብ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የተለየ ነው። ብዙዎቹ ቅንብሮች ለሁለት ከፍተኛ ድምፆችና ቁጥር ላለው ባስ የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱ የላይ ድምፆች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ እኅትማማቾች ተጠጋግተው ይሄዳሉ። ጣልያናዊው የቫዮሊን ሊቅ ፌሊቼ ጃርዲኒም ለዚህ መጽሐፍ ዜማ ሰጥቷል። ዜማዎቹ የቲያትር ቤት ሽታ አለባቸው ብለው የነቀፉት ነበሩ። እኔ ስሰማቸው የሚታየኝ ግን ማንም በአደባባይ ስማቸውን ሊጠራ ያልወደደ ሕሙማን ባሉበት ቤት ውስጥ የዘመኑ ምርጥ ሙዚቃ መዘመሩ ነው።

ስለ ሕፃናት ዝማሬ ከተነሣ ኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ ጆሴፍ ሃይደንን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1792 በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የለንደን በጎ አድራጎት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ፣ 4000 ሕፃናት በአንድ ድምፅ ሲዘምሩ ሰማ። ዜማው የካቴድራሉ ኦርጋን ተጫዋች የጆን ጆንስ ነበር፤ እጅግ ቀላልና አጭር ነው። በአውሮፓ ታላላቅ አዳራሾች የከበረው ይህ ሰው፣ በሕይወቱ እንደዚያ የነካው ሙዚቃ እንደሌለ በማስታወሻው ጻፈ፣ ዜማውንም በእጁ ገለበጠው።

የዌስሊ ወንድማማቾችን እስካሁን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ጥያቄው ሌላ መልክ ያገኛልና። ቻርልስ ዌስሊ ከ6000 በላይ መዝሙሮችን የገጠመ ባለቅኔ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ጆን ደግሞ አደራጅና መሪ። በ1742 ያወጡት የመጀመሪያ የዜማ መጽሐፍ ቀድሞ የመድፍ ማቅለጫ በነበረው የለንደን ስብሰባ ቤታቸው የሚዘመሩትን የያዘ ሲሆን፣ ዜማው ብቻውን በአንድ መስመር ተጽፏል። ባስ የለም፣ ኦርጋን የለም፣ ሌላ ድምፅ የለም። ጆን ዌስሊ በ1761 ለዘማሪዎች ባወጣቸው ሰባት መመሪያዎች ሁሉም ሰው እንዲዘምር፣ በሙሉ ኃይልና በድፍረት እንዲዘምር፣ ሆኖም ድምፁ ከሌላው በላይ ጎልቶ ጉባኤውን እንዳይረብሽ፣ ጊዜውን እንዲጠብቅና እንዳይጎተት፣ ከሁሉም በላይ ግን በእያንዳንዱ ቃል እግዚአብሔርን እንዲያስብ ያዝዛል። በ1779 በጻፈው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ድምፆች የተለያዩ ቃላትን በአንድ ጊዜ የሚያሰሙበትን ቅንብር አጥብቆ ነቀፈ። የሰገነቱ ሰዎች የሚወዱትን ያን አገባብ ማለት ነው።

ይሁንና የሜቶዲስቶቹ ዜማ ሁሉ ተራ አልነበረም። ጀርመን ተወላጅ የሆነው የቲያትር ቤት ባሱን ተጫዋች ጆን ፍሬድሪክ ላምፔ በ1746 ለ24 መዝሙሮች ዜማ አሳተመ፤ ከኦፔራ የተወሰዱ የሚመስሉ፣ በጌጥ የተሞሉና ለአንድ የሠለጠነ ድምፅ የሚመቹ ናቸው። ቶማስ ኦሊቨርስ የተባለ የዌስሊ ሰባኪ ደግሞ በለንደን ታላቁ ምኩራብ የማየር ሊዮንን ዝማሬ ሰምቶ፣ «ይግዳል» የሚባለውን የአይሁድ መዝሙር ለአብርሃም አምላክ የሚቀርብ የክርስቲያን ምስጋና አድርጎ ገጠመው፤ ዜማውንም ሊዮን ሰጠው ይባላል፣ ዛሬም «ሊዮኒ» ተብሎ በእርሱ ስም ይጠራል። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ መቀባበል መኖሩ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እነዚህን መዝሙሮች ዛሬ ለማቅረብ ለሚያስቡ የመዘምራን መሪዎች አንድ ነገር ልለምን። የገጠሩን ቅንብር ስታገኙ ዜማውን ከቴነር አንሥታችሁ ለሶፕራኖ አትስጡት። ዜማው በመካከል ሆኖ ሌሎቹ በዙሪያው ሲቆሙ የሚወጣው ድምፅ ሸካራና ብርቱ ነው፤ ደራሲው የፈለገው ያንን ነው። ጥቂት ሴቶች ቴነሩን በራሳቸው ከፍታ ቢያጅቡት የዘመኑን ልማድ አይጥስም። የሎክ ሆስፒታልን ዜማ ግን ሁለት ቀላል ድምፆችና ለስላሳ ኦርጋን ይበቁታል፤ አራት ድምፅ ብትጭኑበት ይሰበራል።

በመጨረሻ ስለ ሄንደል ሦስት መዝሙሮች። የኮቨንት ጋርደን ቲያትር ቤት ባለቤት የጆን ሪች ሚስት በዌስሊዎች ስብከት ተለውጣ ነበር፤ ሄንደል ለሦስት የቻርልስ ዌስሊ ግጥሞች ዜማ ያወጣው በእርሷ በኩል እንደሆነ ይታሰባል። ከሦስቱ አንዱ፣ ጌታ ንጉሥ ነውና ደስ ይበላችሁ የሚለው፣ ዛሬ «ጎፕሳል» በሚባለው ዜማ ይታወቃል። ሄንደል በ1759 ሲሞት እነዚህ ዜማዎች አልታተሙም ነበር። የእጅ ጽሑፉ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ቆይቶ፣ ቫይካውንት ፊትዝዊልያም በ1816 ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባወረሱት ስብስብ ውስጥ ገባ። በ1826 አንድ የ60 ዓመት የኦርጋን ተጫዋች ያን ስብስብ ሲመረምር ወረቀቱን አገኘው፤ እርሱም ሳሙኤል ዌስሊ፣ የባለቅኔው የቻርልስ ልጅ ነበር። ከሞተ 38 ዓመት የሆነውን የአባቱን ቃል በሄንደል እጅ ተጽፎ አነበበ፣ በዚያው ዓመትም አሳተመው። በወረቀቱ ላይ የነበረው አንድ የዜማ መስመርና አንድ የባስ መስመር ብቻ ነው። መዘምራን ዛሬ የሚዘምሯቸውን መካከለኛ ድምፆች የሞሉት ከሄንደል በኋላ የመጡ እጆች ናቸው።

አመሰግናለሁ።